ስልሳ አንድ ፓስካል

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲለጠፍ አንብበው "ፈጠራ ነው" ብለው ከሚያልፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጨለማ አልነበረም። ሰኞ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቢሮ ነኝ። ፀሐይዋ ስክሪኔ ላይ ስላንጸባረቀችብኝ መጋረጃ ለመሳብ ተነሳሁ። ተመልሼ ስቀመጥ...

አንድ ቁጥር ቀይ ሆኗል።

ሥራዬን ላስረዳችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የሕንፃ አየር ማስተላለፊያ ነው የምነድፈው። ከኮርኒስ በላይ የሚሄዱትን ባለ አራት ማዕዘን የላሜራ ቱቦዎች አይታችሁ ይሆናል። አየሩን በአንዱ ጫፍ ማራገቢያ ይገፋዋል፣ በሌላው ጫፍ ክፍል ውስጥ ይወጣል። ቱቦው ግን በነጻ አያሳልፈውም። በታጠፈ ቁጥር፣ በጠበበ ቁጥር ከግፊቱ ይበላል። በቀጭን ቱቦ ጭማቂ ስትስቡ ጉንጫችሁ እንደሚደክመው ማለት ነው። ያንን የሚባክነውን ግፊት በፓስካል እንለካዋለን። የዲዛይን ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ቁራጭ ብክነት አስልቶ ይደምርልኛል፣ እኔም በድምሩ ልክ ማራገቢያ እመርጣለሁ።

ይኸው ነው። አሰልቺ ሥራ ነው።

ሕንፃው ግንባታው ተቋርጦ አሥራ አንድ ዓመት ባዶውን የቆመ ባለ አራት ፎቅ ነው። አሁን የእናቶች ማዋለጃ ክሊኒክ ሊሆን ነው። የድሮዎቹ ቱቦዎች ስላልዛጉ እንዳሉ እንጠቀምባቸው ተባለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሄደን ለካናቸው፣ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ ሣልኳቸው።

ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ዘጠኝ ቁራጭ ቱቦ አለ። ቀጥ ያለ፣ አንዱ ካንዱ የተቀጣጠለ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሜትር። ዘጠነኛው ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ ይገባና ፍርግርግ ላይ ያልቃል። አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ቁራጭ የሚበላው ግፊት ቢበዛ ሁለት ፓስካል ነው።

አምስተኛው ቁራጭ ላይ የተጻፈው ግን...

ስልሳ አንድ።

አጥፍቼ እንደገና ሣልኩት። ስልሳ አንድ።

ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ። ስልሳ አንድ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር እሱም አናደደኝ። ስልሳ አንድ።

አጠገቤ የሚቀመጠውን ንድፍ ሣይ፣ ድራፍትማናችንን፣ ጠራሁት። ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ ማስመሪያ ነው የምንለው።

"ይሄ ቱቦ የታጠፈ ቦታ አለው?"

"የለውም። እንደኔ ቀጥ ያለ ነው።"

"ታዲያ ስልሳ አንድ ከየት መጣ?"

"ጠይቂው" አለኝ በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተ። "ከኛ ይልቅ ከሱ ጋር ነው የምታወሪው።"

አልሳቅኩም። የፕሮግራሙ ድርጅት ድጋፍ መስጫ ስልክ ጋ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። በመጨረሻ ያነሳው ልጅ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ያስታውቃል።

"ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተዋል?"

"አዎ።"

"እስቲ እንደገና ይሞክሩ።"

ጥርሴን ነክሼ ፋይሉን ላክሁለት። ከፈተው።

"እህቴ፣ አምስተኛው ቁራጭ ነው ያሉኝ?"

"አዎ።"

"እኔ ጋ ሁለት ነው የሚለው።"

"ቀይ አይደለም?"

"ምንም ቀይ ነገር አይታየኝም።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከንዴት ነው ብዬ ነበር ያን ቀን።

ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉን ከፈትኩ። አምስተኛው ቁራጭ... ሁለት።

ትከሻዬ ላይ የተቆለለ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ግን ድምሩን ሳየው ከትናንቱ ንቅንቅ አላለም።

በዝርዝሩ ወደ ታች ወረድኩ።

ስድስተኛው ቁራጭ። ስልሳ አንድ።

"ማን ነው ፋይሌን የነካው?"

ቢሮው ውስጥ ያለን አራት ሰዎች ነን። ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ፣ ተመልሰው አቀረቀሩ። ማስመሪያ በእናቱ ማለ። ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት አየሁ። ሰኞ ማታ እኔ ከዘጋሁት ወዲህ ማንም አልከፈተውም።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ልሥራው አልኩ። በዚህ ቱቦ፣ በዚህ ፍጥነት፣ ስልሳ አንድ ፓስካል የሚበላው ምን ቢጋረጥ ነው? የመመሪያ መጽሐፉን ሰንጠረዥ ዘረጋሁ። ሥሌቱ ሲያልቅ ቱቦውን በወረቀት ላይ ሣልኩና የተዘጋውን ያህል በእርሳስ አጠቆርኩት።

ማስመሪያ ከኋላዬ መጥቶ አየው። ቀልዱን ጠበቅኩ። አልቀለደም።

"ወፍራም ነገር አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ረጅም ነው።"

"ምን ያህል ረጅም?"

"እንጃ..." አለ። "ሰው ቢጋደም።"

ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሰባተኛው ቁራጭ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ትርጉም አልሰጠኝም። ላሜራ ሠሪያችን ጋ ደወልኩ። ሁሉም ሰው ማስተር ነው የሚላቸው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ጣቶቻቸው በላሜራ ስለት ጭረት ብቻ የሆኑ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው።

"ማስተር፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የኮሪደር ቱቦ ይለኩልኛል?"

"ለክተነው የለ?"

"ግፊቱን ነው።"

የያዙትን መዶሻ ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

"ሦስተኛ ፎቅ ነው ያልሽኝ?" አሉ።

"አዎ።"

"እሺ ልጄ። ነይ።"

አራት ሰዓት ላይ ሕንፃው ውስጥ ነበርን። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፣ ኮሪደሩ በብርሃን ተጥለቅልቋል። ከታች ለሳኞች ያፏጫሉ። ማስተር ተንቀሳቃሽ ማራገቢያ አምጥተው ከቱቦው ጫፍ ጋር አገናኙት። በየቁራጩ ዳርና ዳር በመሰርሰሪያ ቀዳዳ እየበሱ የመለኪያውን ቀጫጭን ጎማዎች ይሰካሉ፣ ከመሰላሉ ላይ ቁጥር ይጠሩልኛል፣ እጽፋለሁ።

የትኛው ቁራጭ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሆን ብዬ ነው።

"አንደኛ፣ ሁለት።"

"ሁለተኛ፣ ሁለት።"

"ሦስተኛ፣ ሁለት።"

እስከ ስድስተኛው እንደዚያው።

"ሰባተኛ..."

መለኪያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ማስተር?"

"መለኪያው ተበላሸ መሰለኝ።"

"ስንት ይላል?"

"ስልሳ አንድ።"

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። አላነሳሁትም።

ማራገቢያውን አጠፉና በቁራጩ ጎን ያለችውን የመፈተሻ በር ከፈቱ። እኔም ከጎናቸው ሌላ መሰላል ላይ ወጣሁ። ባትሪ አበራን።

ባዶ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ ጣት በሚያክል ውፍረት ተኝቷል። የአይጥ ዱካ እንኳ የለበትም። ከወዲያ ማዶ በፍርግርጉ የሚገባው የቀን ብርሃን ይታያል። ማስተር ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው አስገብተው አወዛወዙት። ምንም አልነካቸውም።

በሩን ዘግተው እንደገና ለኩ።

ስልሳ አንድ።

ያን ጊዜ ነው ባትሪዬ ስድስተኛውና ሰባተኛው የተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ያረፈው። የሆነ ነገር ቀፈፈኝ፣ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባኝም።

"ማስተር... ብሎን ሲታሰር ጭንቅላቱ በየት በኩል ይቀራል?"

"በውጭ ነዋ። ከውጭ ነው የምናስረው።"

"እነዚህስ?"

ጎንበስ ብለው አዩ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ የተደረደሩት የብሎኖች ሹል ጫፎች ወደ ውጭ፣ ወደ እኛ ወጥተዋል። አንዱን በአውራ ጣታቸው ነኩት።

ከውስጥ ነው የታሰሩት።

ስልኬን አውጥቼ የዛሬ ሦስት ሳምንት ያነሳሁትን ፎቶ ፈለግኩ። እዚያው መገጣጠሚያ ላይ የብሎኖቹ ጭንቅላት ክብ ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ይታያል። ሰባተኛውና ስምንተኛው መገጣጠሚያ ላይ ሄጄ አየሁ። እሱ እንደ ፎቶው ነው። አልተነካም።

ማስተር ከመሰላሉ ወረዱ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ታናሽ ወንድም ነበረኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ክር ነበር የምንለው። በማንኛውም ቀዳዳ ያልፋል። ያን ጊዜ ቱቦው ውስጥ ገብቶ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያጠብቀው እሱ ነበር፤ ሌላው አይችልም።"

"እዚህ?"

"እዚሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ጫፍ ገባ። ካቻቪቴ ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ብሎን ሲያጠብቅ እሰማዋለሁ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ ዝም አለ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምን አለ። በሩን ሁሉ ከፈትን። በሁለቱም ጫፍ አየን። የለም። እሱ ያልደረሰባቸውን መገጣጠሚያዎች ኋላ ሌሎች ከውጭ አሰሯቸው። 'ጥሎህ ሄዷል፣ ወጣት ነው' አሉኝ። ጫማውን ጥሎ?" ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ አዟዟሩት። "እናታችን እስከዛሬ ስልክ ሲጠራ ከሁላችን ቀድማ ነው የምትነሳው።"

ለሳኞቹ ማፏጨታቸውን አቁመው ነበር። ወይም እኔ መስማት አቁሜ ነበር። ቁጥሩ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ወደሚቀጥለው ቁራጭ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ" አሉ። "ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ፍርግርጉ። በቀን አንድ ቁራጭ።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ዓርብ የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ይሆናል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አይደለም። ምን እንደምለው አላውቅም።

"ሥራውን እየጨረሰ ነው" አሉ። "እንዳትነኪብኝ። ኮምፒውተሩ ላይም ቢሆን... እንዳትነኪው።"

"አልነካም" አልኳቸው።

ቃል ገባሁ። ይህንን ልብ በሉልኝ።

ሐሙስ ስምንተኛው ቁራጭ ሆነ። ማስተር ሥራቸውን ትተው ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ ከፍርግርጉ ሥር ተቀመጡ። በየሰዓቱ ይደውሉልኛል። ብዙ አያወሩም። "አለ?" ይሉኛል። "አለ" እላቸዋለሁ።

ችግሩ የቢሮው አለቃችን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሪፖርቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ካልገባ ሥራው ይወሰድብናል። ያንን በቀን አሥር ጊዜ ይነግሩኛል።

"አንድ ቀይ ቁጥር አምስት ቀን ይፈጃል?"

"ጋሼ፣ ቦታው ላይም ለክተነዋል። እውነት ነው ስልሳ አንድ የሚበላው።"

"ምን አለ ውስጡ?"

"ምንም።"

"ምንም ነገር ስልሳ አንድ አይበላም።"

ማስመሪያን አየሁት። እሱ ጥፍሩን እያየ ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ሰዓት አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት... ዘጠነኛው ቁራጭ። ስልሳ አንድ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

"በእጅ ቁጥር ማስገቢያ ቦታ የለውም ይሄ ፕሮግራም?"

አለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሥሌቱን ትቶ እኔ የምጽፈውን እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል።

"አለው... ግን ውሸት ይሆናል።"

"ቀጥ ያለ ሁለት ሜትር ቱቦ ስንት ነው የሚበላው?"

"ሁለት።"

"ታዲያ የቱ ጋ ነው ውሸቱ?"

ደክሞኝ ነበር። አራት ሌሊት አልተኛሁም። ያ ቀይ ቁጥር አስጠልቶኝ ነበር፣ ሰዎቹ አስጠልተውኝ ነበር፣ ለማንም የማልነግረውን ነገር ተሸክሜ መዞር አስጠልቶኝ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ነዘረ። ማስተር ናቸው። አላነሳሁትም።

ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ቀዩ ጠፋ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ድምሩ ተስተካከለ። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሪፖርቱን ላክን። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ስልኬ እንደገና ጠራ። አነሳሁት።

"ምን አደረግሽ?" አሉኝ።

ድምፃቸው አልጮኸም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ማስተር..."

"ከጠዋት ጀምሮ የፍርግርጉ ብሎኖች ሲዞሩ ነበር። ከውስጥ። አንዱ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛውም። አራተኛው ግማሽ ዞሮ..." ትንፋሽ ወሰዱ። "አሁን ቆመ።"

የጻፍኩትን ቁጥር አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያሰላ መለስኩት። ጠበቅኩ።

ሁለት።

በየቁራጩ ፈለግኩ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። የትም የለም።

ማስመሪያ ኮቱን አነሳ። "እነዳሻለሁ" አለኝ።

ስንደርስ ማስተር መሰላሉ ላይ ናቸው። ሦስቱ ብሎኖች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። አራተኛውን እሳቸው ፈትተው ፍርግርጉን አውርደውታል። ቱቦው አፉን ከፍቷል። ባዶ ነው። እስከ ኮሪደሩ ማዶ ጫፍ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ቃሌን አልጠበቅኩም።"

"አውቃለሁ ልጄ።" ወደ እኔ አልዞሩም። "ያንን ገመድ አቀብዪኝ።"

ዘጠነኛውን ቁራጭ ከስምንተኛው ለዩት። ከጣሪያው ጋር የያዙትን ሁለት ብረቶች በመጋዝ ቆረጡ። ይህን የሚያህል የላሜራ ቁራጭ ሠላሳ ኪሎ ቢሞላ ነው፣ ሁለት ሰው ያወርደዋል። ማስመሪያና አንድ ለሳኝ ከሥር ያዙት።

ሁለተኛው ብረት ሲቆረጥ ሁለቱም በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

"ከብዷል" አለ ማስመሪያ። ፊቱ ደም መስሏል። "ሰው ጥሩልን... ሰው ጥሩልን።"

ከታች አራት ለሳኞች ሮጠው መጡ። ስድስት ሆነው ቱቦውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደረጃው መደገፊያ የለውም። እየተንገዳገዱ ቀስ በቀስ ወረዱ። ላባቸው ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ዓይኔ ከቱቦው አፍ ትይዩ። ውስጡ ምንም የለም። በወዲያኛው ጫፍ በኩል ደረጃው፣ የመግቢያው በር፣ የቀኑ ፀሐይ ይታየኛል።

ማስተር ከፊት ከፊት ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ አንድ እጃቸውን ባዶው አፍ ሥር አድርገው ይመሩ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቀስ በሉ" አሏቸው። "ጭንቅላቱ በዚህ በኩል ነው።"